የጓዳ መዝገብ

ቀን ቀን የመንግሥት ዕቃ ነው የምቆጥረው፣
ጠመኔ፣ ወረቀት፣ ወንበር የተሰበረው፤
በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ አደርገዋለሁ፣
በሃያ ሁለት ደግሞ አስፈርሜ እሰጣለሁ።
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ
አንድ ክላሰር እንኳ ጎድሎብኝ አያውቅም፤
ማታ ግን እቤቴ፣ ከማራኪ በላይ፣
ጓዳዬ በር ቆሜ
ብቆጥር ብደምር፣ ሒሳቡ አይታረቅም።

አዝመራ አልናት ልጃችንን፣ እህል ሲደርስ ስለመጣች፤
ስሟን ሆዷ አልሰማም፤
ስንዴ በልታ ከሳች፣ ገብስ በልታ ገረጣች።
ሁለት ዓመት "ዓይን ነው" አሉን፣ "ኮሶ ነው" አሉን፣
ጠበሉም ክኒኑም ተራ በተራ ሞከሩን።
በመጨረሻ ጎንደር ሆስፒታል፣ አንዲት ቀጭን ሐኪም
ወረቀቱን አይታ፣ ድምጿን ሳታሰማም፣
"ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፤ በቃ፣ ዕድሜ ልኳን።
ብናኙም ቢነካት እንደ መብላት ነው" አለችኝ፤
መድኃኒት ሳትጽፍ ሸኘችኝ።
መድኃኒቱ ጤፍ ነው።
የጤፍን ዋጋ ደግሞ ማን አፉን ሞልቶ ይጥራው?

ሆድ ከአገር ይሰፋል ይላሉ፤
የእሷ ሆድ ግን ድንበር አለው፤
የደባርቅ መንገድ ዝግ፣ የአርማጭሆው ክፍት ነው።
ማሽላውን ከዚያ፣ መኪና ሲገባ፣ ዋጋው ሳያብድ፤
ሽምብራውን ከደምቢያ፣ ጥር ላይ፣ ረክሶ ሲወርድ፤
የፎገራ ሩዝ፣ ስብርባሪውን፣ ሙሉው ለእኛ አይቀመስ፤
ጤፉን አንድ እጅ፣ ማሽላውን ሦስት፣
እንጀራው ሲደርቅ "ቋንጣ ነው" ብዬ ሳስቅ።
የደባርቅን ገብስ፣ የእናቴን አገር፣ ደህና ሁን አልኩት፤
ዘመድ እንደ መቅበር ነው፣ በሶን የተውኩት።

ቅዳሜ ገበያ በጠዋት እወርዳለሁ፣
ጆንያ እያስፈታሁ እጄን እሰዳለሁ።
"ማኛ ነው" ይለኛል፤ መዳፌ ላይ ሳየው
የገብስ ስባሪ ነው ቀና ብሎ የሚያየኝ።
ዱቄት አልገዛም፤ ዱቄት ምስጢር ይደብቃል፣
ፍሬ ግን፣ ሲዘረጉት፣ ስሙን ይናገራል።
ወይዘሮ ጓዴ ብቻ
"ይኼን ለልጅህ አትውሰድ፣ ከስንዴ ጋር ያደረ ነው" አለችኝ፤
ብሬን መለሰችልኝ።
ባዶ ጆንያ ይዤ፣ ዘመድ ገዝቼ ገባሁ።

ወፍጮ ቤት ሌላ ጣጣ ነው።
ድንጋዩ የሁሉን እህል ያስታውሳል፣
የትናንት ስንዴ ከእኔ ማሽላ ይቀድማል።
ስለዚህ ባዘዘው፣ ሰኞ፣ ጎህ ሳይቀድ ይከፍትልኛል፤
አንድ ጣሳ ማሽላ አስቀድሞ ይለቃል፣
የድንጋዩን አፍ ያጥባል።
ያ ለዶሮ። ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ።
"የመጀመሪያውን ጣሳ አላስከፍልም" ይላል፣
ቅንድቡ ላይ ያለው ዱቄት የማን እንደሆነ እንጃ።

ትርንጎ የእሷን ጆንያ በቀይ ክር አሰረች፣
ከላይኛው መደርደሪያ አወጣች፤
ዱቄት እንደ ወሬ ነው፣ ሁልጊዜ ወደ ታች።
ታች የወንድሞቿ ስንዴ፣ በክዳን፣ በራሱ ማንኪያ፤
ሁሉንም ጤፍ ላብላ ብል ደሞዜ አሥራ አምስት አይደርስም።

ትናንት ከጎረቤት ማኅበር ተመለሰች፣
ከደብተሯ መሐል አንድ ቁራሽ ድፎ አወጣች፤
ያልተነከሰ፣
የኮባ ቅጠሉ መስመር ከጀርባው ያልጠፋ።
"አባዬ፣ ይኼን መዝግበው" አለች።
"አሸተትኩት ብቻ። ማሽተትም ክልክል ነው?"

እኔ፣ የስንት ዓመት ንብረት ክፍል፣
እስክሪብቶዬን ፈልጌ አጣሁት፤ ጆሮዬ ላይ ነበር።
ከዚያ ጻፍኩ፦
ገቢ፣ ዳቦ፣ አንድ ቁራሽ። ሁኔታው፣ ያልተበላ።
ወጪ፣ ለዶሮ።
"አስረካቢ" ከሚለው ፊት፣ በቅርቡ የተማረቻትን
"አ" ጻፈች፤ አንገቷ የዘመመ፣ አንድ እግሯ የረዘመ።
እጇን አስታጠብኳት፣ ጠረጴዛውን ወለወልኩ፣ ደብተሯንም አራገፍኩ።

ዛሬ ጠዋት ዶሮዋ ጣለች።
እንቁላሉን በላይኛው መደርደሪያ ገቢ አደረግሁ።
ሒሳቡ፣ ለነገሩ፣ አሁንም አይታረቅም።